የአሮጌ ትራክተር ሞተር በሐረር፦ ስለ ቤት ውስጥ ጥገና ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

ስለ ሐረር ከተማ የተጻፈው ብዙ ነው። የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ፣ አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ እንደ ነበረ፣ ከተማይቱም በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ እንደ ገባች ማንም የታሪክ ተማሪ ያውቀዋል። ስለ መስጊዶቿ፣ ስለ ስፌቷና ስለ ቡናዋ የሚናገር ጽሑፍም አይታጣም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ይኸውም ከግንቡ ውጭ፣ በሐኪም ጋራ አቅጣጫ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ አንድ አሮጌ ትራክተርና የመካኒክነት ትምህርት ሳይኖረው ሞተሩን በቤቱ ፈትቶ የሚያድስ ባለቤቱ ናቸው።

አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ይል ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ለዕረፍት ወደ ሐረር የወረድነው ስለ ጥንት ብረት ቀጥቃጮች ለማጥናት ነበር። «አሮጌ ብረት የሚሠራ ሰው የት ይገኛል?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ልጅ ወደዚያ ግቢ መራን። የጠበቅነው ወናፍና መዶሻ ነበር፤ ያገኘነው ግን ሆዱ የተከፈተ የናፍታ ሞተር ነው። ልጁ ተሳስቷል ብለን ልንመለስ ስንል ባለቤቱ ሻይ አዘዙልን፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንመላለስ ሰነበትን።

በአገራችን የመኪና ታሪክ የሚጻፈው ባስመጪው በኩል ነው። መኪናውን ማን አስመጣው? በስንት ዓመተ ምሕረት ገባ? ማን መረቀው? ይህ ሁሉ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ያለው አርባና አምሳ ዓመት ግን ባዶ ገጽ ነው። አንድ ትራክተር አንድ ጊዜ ተገዝቶ አምሳ ዓመት የሚያገለግለው ግን በየጊዜው የሚያስነሣው እጅ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ እጅ ታሪክ ከየት እንደሚጀምር ለመፈለግ ሞክረናል።

ሐረር ከባሕር በሚመጣው የንግድ መንገድ ላይ ስለ ነበረች የውጭ አገር መሣሪያ ቀድመው ካዩት ከተሞች አንዷ ናት። የሚመጣው ዕቃ ግን ዘወትር አዲስ አልነበረም። በሐረር ተቀምጦ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ ያቀረባቸው ጠመንጆች በአውሮፓ ዘመናቸው ያለፈባቸው ነበሩ። አሮጌ ጠመንጃ በሚገባበት አገር ምላጭና ቃታ የሚያቃና ሰው ማስፈለጉ አይቀርም። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻና ቢላዋ ከመሥራት አልፎ የፈረንጅ ብረት መፍታትና መግጠም የጀመረው በዚህ ዓይነት ሥራ ይመስለናል።

ከጠመንጃው በኋላ የልብስ ስፌት መኪና መጣ። በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙ የወጣው በግራና በቀኝ በተደረደሩት ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ዛሬ «መኪና» ስንል በጎማ የሚሄደውን እናስባለን፤ በዚያ መንገድ ስም ውስጥ ያለው «መኪና» ግን በእግር ተረግጦ የሚዞረው መስፊያ ነው። ቃሉን ጣልያንኛም ዓረብኛም ይጋሩታልና በየትኛው በር እንደ ገባ መከራከር ይቻላል። ለኛ የሚበቃን በከተማይቱ ውስጥ ዘይት የሚጠጣና የሚፈታ የሚገጠም ነገር በየደጃፉ መኖሩ ነው። ማመላለሻው ሲሰበር ወይም ጥርሱ ሲበላ ሰፊው ራሱ መፍታት ግድ ይሆንበታል።

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደረሰ። ተራራው ስለ ከበደ ሐረርን ትቶ በቆላው ማለፉ ለነጋዴዎቿ መራራ ነገር ነበር። ሆኖም ድሬዳዋ ላይ የባቡሩ መጠገኛ ሥፍራ ተተከለና ብረት በልክ መቁረጥ፣ መሞረድና ማጠፍ የሚያውቁ ሠራተኞች እዚያ ወጡ። ቀጥሎ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሆነ። ጣልያኖች ሐረርን የአንድ ትልቅ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው ነበርና መንገድ ሲሠሩ በናፍታ የሚሄዱ የጭነት መኪኖችን በብዛት አስገቡ። ወረራው ቢያበቃም ከባለሙያዎቻቸው አንዳንዶቹ በአገሪቱ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ የኛም ልጆች መፍቻ በማቀበል ጀምረው ሙያውን ተማሩ።

ከነዚህ ሁሉ የተለየው የአለማያው ትምህርት ቤት ነው። በግንቦት 1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ውል ተዋዋለ፤ ትምህርቱ በጅማ ከተጀመረ በኋላ ኮሌጁ በ1949 ዓ.ም. ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። ስሙም የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ ነበር። ኦክላሆማዎች በ1960 ዓ.ም. ቢወጡም ተቋሙ አድጎ ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በዚህ አገር ትራክተርን በመጽሐፍና በሠሌዳ ካስተማሩት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስ። ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ተሠርቷል። ሞተሩ ፐርኪንስ ነው፤ ሦስት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር ተኩል፣ ጉልበቱም 45 ፈረስ ያህል። ስለ ናፍታ ሞተር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው፤ የናፍታ ሞተር ብልጭታ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ጨምቆ እጅግ ያግለዋል፤ ናፍታው በዚያች ቅጽበት በቀጭን አፍ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሠርቶ ያሳየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ነው። ከዚህ የሚከተለው ዋና ነገር ጭመቃው እንዳያመልጥ ሞተሩ በሚገባ መታተም ያለበት መሆኑ ነው። የሲሊንደሩ ክዳን (መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት) ከታችኛው አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ቢከፈት ኃይሉ ይወጣል፣ ውሃውና ዘይቱም ይደባለቃል።

ሐረር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ በቆላ የሚሰጠውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም፤ ውሃውም መቶ ዲግሪ ሳይደርስ 94 ያህል ላይ ይፈላል። የመመሪያው መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ ሲጻፍ ይህን ያሰበ አይመስልም።

ትራክተር ለሐረር ደጋ የተፈጠረ መሣሪያ አይደለም። እርከኑ ጠባብ፣ ማሳው ትንሽ ነው፤ ገበሬው ብዙ ጊዜ በሬም ሳይጠምድ በዶንጎራ ይቆፍራል። ወደ ጅጅጋ ሜዳ ሲወርዱ ግን መሬቱ ይዘረጋል፤ ትራክተሩም መጀመሪያ የተገዛው ለዚያ ሜዳ ነበር። በዚያን ዘመን መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅድ ስለ ነበረ ገንዘብ ያለው ባለመሬት ትራክተር መግዛት አላቃተውም። በአርሲ በጭላሎ ያ መኪና ጢሰኛውን ከመሬቱ እንዳስነቀለ ተጽፏልና ብረቱን ስናደንቅ ይህን መርሳት አይገባም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ትራክተሩ ከባለመሬቱ እጅ ወጥቶ ለገበሬዎች ማኅበር ተሰጠ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ደጃፍ በደረሰ ጊዜ ናፍታ አጥቶ ወራት ያህል ቆመ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲያወጣ የአምራቾች ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ፤ ንብረታቸውም ተከፋፈለ ወይም ተሸጠ። ባለታሪካችን ትራክተሩን የገዙት ከዚህ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ሲገዙት አይነሣም ነበር።

ገዢው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቁን «ጋሼ» እያልን እንቀጥላለን። በሥራቸው ልማድ ይሁን በጠባያቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በትራክተሩ ላይ የተሠራውን ሁሉ በደብተር ጽፈውታል። ቀኑ፣ የተበላሸው ነገር፣ የተሠራው ሥራ፣ የወጣው ገንዘብ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተለይቶ ሰፍሯል። ሦስት ደብተር ሞልቷል። ለኛ ይህ ትልቅ ግኝት ነበር፤ ስለ ቤት ጥገና የተጻፈ የታሪክ ምንጭ እናገኛለን ብለን አላሰብንምና።

ደብተሩን ስናነብ ቃሉ ትኩረታችንን ሳበው። ጽሕፈቱ የፍርድ ቤት አማርኛ ነው፤ «ከላይ በተጠቀሰው ቀን ተመርምሮ የተገኘው ጉድለት» እያለ ይጀምራል። ወደ ብረቱ ሲገባ ግን ቃላቱ የጣልያን ይሆናሉ። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቶርኖ፤ ናፍታና ጎማ ራሳቸው የጣልያን ቃል ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለ ተማርን ጋራዥና ሾፌር ከፈረንሳይ መምጣታቸውን እናውቅ ነበር። እንግሊዝ በሠራው ሞተር ላይ፣ አሜሪካኖች ባስተማሩበት አውራጃ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ አስፈለገን። እኛ እንደምናስበው ቃሉ የሚያሳየው ሙያው በየትኛው እጅ እንዳለፈ ነው። ጋሼ የተማሩት ከጎረቤታቸው ነው፤ ጎረቤታቸው በድሬዳዋ የባቡር መጠገኛ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ወጣት ሳሉ መፍቻ ያቀብሉ የነበሩት ለአንድ ጣልያን ነው። ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ በመካከሉ ሠሌዳም ጠመኔም የለም።

በመጋቢት ስንደርስ የነበረው ሕመም እንዲህ ነበር። ትራክተሩ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፣ ክዳኑ ሲከፈት አረፋ ይታያል። የዘይቱ መለኪያ ሲወጣ ዘይቱ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ እንደ ሆጃ ነጥቷል። (ሆጃ ሐረሮች ቡናን ከወተት ጋር አፍልተው የሚጠጡት ነው።) ጋሼ ምክንያቱን ለመናገር አልዘገዩም። የማራገቢያው ቀበቶ ላልቶ ሞተሩ ፈልቶ ነበር፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል።

ጊዜው የሚያስቸኩል ነበር። የበልጉ ዝናብ እየገባ ነው፤ ማሽላና በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያ ነው። ጋሼ የራሳቸው መሬት የላቸውም፤ በኤረርና በባቢሌ በኩል ትራክተሩን ለአራሾች እያከራዩ ነው የሚኖሩት። አንድ የበልግ ወቅት ካለፈ የዓመቱ ገቢ አብሮ ያልፋል። በዚያው ሰሞን ቁራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ትራክተሩን በኪሎ ሊገዛ ጠይቋል። ብረት ማቅለጫዎች አሮጌ ብረት ስለሚፈልጉ ዋጋው የሚናቅ አልነበረም። የጋሼ ባለቤት ይሸጥ ባይ ነበሩ፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘይት ያጠብኩት በሱ ልብስ ነው» አሉን፤ እኛም መልስ አጣን።

መጀመሪያ የተደረገው ጥገና አልተሳካም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም። ጋሼ ቴስታታውን ፈትተው ሲያወጡ ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተበልቶ ተገኘ። አዲስ ለመግዛት ወጪውን ፈርተው የቀድሞውን አጸዱና የተበላውን ቦታ አስተካክለው በሁለቱም ፊት የብር መልክ ያለው ቀለም ቀቡት። ይህን ዘዴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሠርተውበት እንደ ተሳካላቸው ደብተሩ ይመሰክራል። ተገጠመ፣ ውሃ ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሣ። እኛ በደስታ አጨበጨብን፤ ሰዓት ሳይሞላው ነጩ ጭስ ተመለሰ። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያም ደብተሩን አስመጥተው «ከላይ የተጠቀሰው ሥራ ከንቱ ሆኗል፤ ምክንያቱ ንፉግነት» ብለው ጻፉ።

በሁለተኛው ጊዜ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። የቴስታታው ፊት ቀጥ ያለ መሆኑን ለማወቅ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁመው የሲጋራ ወረቀት ከሥሩ ለማሳለፍ ሞከሩ። በዳርና በዳር ወረቀቱ ይያዛል፤ በመካከል ግን ወለል ብሎ ያልፋል። ብረቱ በሙቀቱ ጎብጧል ማለት ነው፤ ምንም ዓይነት ቀለም ይህን አይሞላውም። ስለዚህ ቴስታታው በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ፊቱ ተልጎ ተመለሰ። አዲስ ጓርኒሲዮንም ተገዛ፤ ገንዘቡ የተገኘው የባለቤታቸው አንድ የእጅ አምባር ተይዞ ነው። ከዚህ በኋላ ያ ጥገና የጋሼ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ቫልቮላዎቹን በመቀመጫቸው ላይ አስማምቶ ማሸት የልጆች ሥራ ነበር። ጋራዥ ያለው ሰው ለዚህ መሣሪያ አለው፤ እዚያ ግን የእንጨት ዘንግ ጫፉ ላይ የጎማ መምጠጫ ታስሮበት፣ በሁለት መዳፍ መካከል እንደ ማሰሮ ማማሰያ ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል። ዱቄት ያለበት ቅባት ብረቱን በቀስታ ይበላዋል። ዙሪያው አንድ ወጥ የሆነ ግራጫ ቀለበት እስኪያወጣ አይቆምም። መዳፋችን ተላጠ።

ትልቁ ጥያቄ ቡሎኖቹን ማጥበቁ ላይ ነበር። ቴስታታው እኩል ካልተጫነ አዲሱም ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ያረጀው ቡሎን ይበጠሳል። ለዚህ የተሠራ ኃይል የሚለካ መፍቻ አለ፤ ጋሼ የላቸውም። በመጀመሪያው ጊዜ ያጠበቁት «በክንዴ ስሜት» ነበር፤ አሁን ግን በክንዳቸው ማመን አልፈለጉም። ከመመሪያው መጽሐፍ የተረፉ ጥቂት ቅጠሎች ነበሩና ቁጥሩን እንድናወጣላቸው ጠየቁን። ቅጠሉ 60 ፓውንድ በአንድ ጫማ ርቀት ይላል። ይኸውም የመፍቻው እጀታ አንድ ጫማ ቢረዝም ጫፉ ላይ በ60 ፓውንድ ኃይል መሳብ ማለት ነው።

የኛ ድርሻ ይህን ወደ ኪሎና ሜትር መለወጥ ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ በችኮላ ማባዛት የሚገባውን አካፍሎ 89 ኪሎ በአንድ ሜትር ብሎ ጻፈ። ጋሼ ወረቀቱን ተመልክተው «ልጆቼ፣ ይህ ቡሎን እንጂ የጀጎል በር አይደለም» አሉ። ሂሳቡን እንደገና ሠራነው። 60 ፓውንድ 27.2 ኪሎ ነው፤ አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 8.3 ኪሎ በአንድ ሜትር ይሆናል። ሂሳብ የማያውቅ የሚመስለው ክንድ ስህተታችንን ከኛ ቀድሞ ማወቁን እዚህ ላይ መመዝገብ ይገባል።

መለኪያው የተገኘው ከገበያ ነው። ጫትና ሽንኩርት የሚመዘንበት ባለሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ሱቅ ተዋስን። በመፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ተሰካና ከቡሎኑ መካከል እስከ ሚዛኑ መንጠቆ ልክ አንድ ሜትር ሆኖ በኖራ ተመለከተ። ሚዛኑ ከቧንቧው ጋር 90 ዲግሪ ሆኖ ሲሳብ መርፌው የሚያሳየው ኪሎ ራሱ ልኩ ነው። ጋሼ ቡሎኖቹ አሮጌ ናቸው ብለው ስምንትን መረጡ። ማጥበቁ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር እያፈራረቀ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ሁሉም በ4 ኪሎ፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻ በ8። አንዱ ይስባል፣ አንዱ መርፌውን ያነባል፣ አንዱ በደብተሩ ምልክት ያደርጋል። በአንደኛው ቡሎን ላይ መርፌው 7 ላይ ቆሞ ሳይጨምር ብረቱ ሲለጠጥ ተሰማን፤ ጋሼ ወዲያው አስቆሙ፤ ፈትተው ሌላ ቀየሩ። አሮጌው ሲታይ ወገቡ ቀጥኗል።

የቫልቮላው ክፍተት 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ለዚህም መለኪያ አልነበረም። የጢም መላጫ ምላጭ ውፍረቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስት ምላጭ አንድ ላይ ሲደረብ የሚፈለገው ልክ ይሆናል። ምላጮቹ ሲገቡ ሳይለቁና ሳይጨነቁ የሚንሸራተቱ ከሆነ ልክ ነው። ይህ የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ በደብተሩ «ከጎረቤቴ የተማርኩት» ተብሎ በ1986 ዓ.ም. ሰፍሯል።

የቀረው አየሩን ማውጣት ነበር። በናፍታው መስመር ውስጥ ትንሽ አየር ቢቀር ፖምፓው የሚገፋው አየሩን ስለሚሆን ሞተሩ አይነሣም። ከማጥሪያው ጀምሮ በየደረጃው ያሉት ዳዶዎች ይላላሉ፤ በእጅ የምትገፋዋ ትንሽ ማንሻ ስትንቀሳቀስ መጀመሪያ አረፋ፣ በኋላ አረፋና ናፍታ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍታ ይወጣል። ያን ጊዜ ዳዶው ይጠብቃል። ቢፈስም ምንጣፍ የለም፤ መሬቱ ይጠጣዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብን። አሮጌው ዘይትም ናፍታውም ወደ ቦዩ ነው የሚሄደው፤ በግቢው ዳር ያለው ሣር ጥቁር ሆኗል። የሐረማያ ሐይቅ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ መድረቁን ላየ አውራጃ፣ በዳሩም በናፍታ ሞተር የሚሠሩ የውሃ መሳቢያዎች ምን ያህል እንደ ጠጡት ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር ሆኖ አይታይም። ስለ ቤት ጥገና የሚጽፍ ሰው እጁን ሲያመሰግን ቦዩንም ማየት አለበት።

ሚያዝያ 4 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ተነሣ። በመጀመሪያው ዙር ሳል ሳል አለ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ዘግይቶ ገባ፤ ከዚያ ድምፁ አንድ ሆነ። ጭሱ መጀመሪያ ጥቁር፣ በኋላ እየሳሳ ሄደ፤ ነጭ አልታየበትም። ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ አንድ ሰዓት ሙሉ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን እያዩ ቆሙ፤ አረፋ የለም። ሞተሩ በማግስቱ ከበረደ በኋላ ቡሎኖቹን በዚያው ሚዛን ደግመው አጠበቁ፤ ሁለቱ ጥቂት ላልተው ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ዓይነት ሥራ «ችግር የወለደው» ብለው ያልፉታል። ገንዘብ ቢኖር አዲስ ትራክተር ይገዛ ነበር ማለታቸው ነው። ችግር መኖሩ እውነት ነው፤ አምባሩ ይመሰክራል። ነገር ግን ችግር ብቻውን ምላጭ አይቆጥርም፣ ሚዛን አይዋስም። በዚያው ከተማ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የታክሲውን ሥራ የያዙት ፔዦ 404 መኪኖች ፈረንሳይ ውስጥ መሠራታቸው ካቆመ በኋላ ለብዙ አሥር ዓመታት የሄዱት በእንደዚህ ያለ እጅ ነው። የእርሻ ሚኒስቴር ስንት ትራክተር እንደ ገባ ሊቆጥር ይችላል፤ ስንቱ ከሞት እንደ ተነሣ የሚቆጥር መዝገብ ግን ከጋሼ ደብተር በቀር አላየንም። ደብተሩን እንድንገለብጥ ስንጠይቃቸው መጀመሪያ አመነቱ። «የክስ መዝገብ እንጂ ይህ ምን ይጠቅማችኋል?» አሉ። በመጨረሻ በፊታቸው ተቀምጠን እንድንገለብጥ ፈቀዱ፤ አንድም ገጽ ከግቢው አልወጣም። ሦስቱንም ለመገልበጥ አምስት ቀን ፈጀብን።

የመጨረሻውን ገጽ የጻፉት ሚያዝያ 6 ቀን ነው። «ቴስታታ በድሬዳዋ ተልጎ፣ ጓርኒሲዮን በአዲስ ተለውጦ፣ አንድ ቡሎን ተቀይሮ ተገጥሟል። ልክ፦ 8 ኪሎ በ1 ሜትር፤ ሂሳቡን የሠሩት ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሂሳብ ነው ትክክለኛው» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ትራክተሩ ማረሻውን ከኋላው አንጠልጥሎ በባቢሌ መንገድ ወረደ፤ ታላቁ ልጃቸው ይነዳ ነበር። ሚዛኑን እኛ ለባለሱቁ መለስንለት።